ከ172 ወንበር ወደ አንድ፦ የአነስተኛ ፓርቲዎች እንደራሴዎች በኢትዮጵያ ፓርላማ

የምርጫ ሰሞን በቀረበ ቁጥር አንድ ክርክር ተመልሶ ይመጣል። አንዱ ወገን «ተቃዋሚዎች ፓርላማ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት ሕዝብ ስላልፈለጋቸው ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቢገቡስ ምን ሊፈይዱ? ያው እጅ ወጥቶ የሚጸድቅበት ቤት ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች የእውነት ጭላንጭል አላቸው። ችግሩ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚለወጥ አይጠይቅም፤ ሁለተኛው ደግሞ ወንበር የያዘ ሰው በምን ደንብ እንደሚሠራ አይመረምርም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ በተዘለሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። (የውጭ አገር ምሳሌዎች ካልሆኑ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የሠላሳ ዓመቱ መዝገብ

በሽግግሩ ዘመን የነበረው የተወካዮች ምክር ቤት 87 ወንበሮች ነበሩት። ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ 32፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) 12 ይዘው ነበር፤ ቀሪው ለበርካታ ትንንሽ ድርጅቶች ተከፋፈለ። ያ ምክር ቤት የተሞላው በምርጫ ሳይሆን በድርድር ነው። ኦነግም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት ጠቅላላ ምርጫዎች ሁሉ ገዢው ፓርቲ ወይም ግንባር ብቻውን ከግማሽ በላይ ወንበር ሳይዝ የቀረበት ጊዜ የለም።

በ1987ቱ የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩም። በ1992 ጥቂቶች ገቡ፤ በተለይ በሐዲያ ዞን የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ድርጅት ገዢውን ግንባር በገዛ ሜዳው አሸንፎ ወንበር ማግኘቱ ትኩረት ስቦ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ነው። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረቶች የሆኑት ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመራው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) ደግሞ 11 ወንበር አገኙ። ሦስቱ አንድ ላይ 172 ይሆናሉ፤ ከ547ቱ የምክር ቤቱ መቀመጫዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋ ማለት ነው። ኢሕአዴግ 327 ያዘ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የተቃዋሚው ቁጥር ወደዚህ መጠን ቀርቦ አያውቅም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ኢሕአዴግ 499፣ አጋር ድርጅቶቹ 46 ወንበር ወሰዱ። የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱን መድረክ በተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ሥር የተወዳደረው የአንድነት ፓርቲ አባል አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ፣ ሌላውን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከካፋ አሸነፉ። በዜና እወጃ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የሚለው አነጋገር የተለመደው ያኔ ነው፤ ያ «አንድ» ስምና ወንበር ያለው ሰው ነበር። በ2007 እሱም ጠፋ፤ ኢሕአዴግ 500፣ አጋሮቹ 47፣ ድምሩ 547 ሆነ።

በ2013ቱ ምርጫ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይፋ በሆነው ውጤት፣ አዲሱ ገዢ ፓርቲ ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። የትግራይ 38 የምርጫ ክልሎች ድምፅ አልሰጡም፤ በሌሎች አንዳንድ አካባቢዎች ምርጫው ዘግይቶ በመስከረም 2014 ተካሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «አነስተኛ ፓርቲ» እና «ተቃዋሚ ፓርቲ» አንድ አይደሉም። ከ1987 እስከ 2012 ድረስ ሳይናወጡ በምክር ቤቱ የቆዩት ትንንሽ ፓርቲዎች አጋር የሚባሉት ነበሩ፤ ማለትም የኢሕአዴግ አባል ሳይሆኑ ከእሱ ጋር የሚሰለፉ፣ በሶማሌ፣ በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በሐረሪ ክልሎች የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች። በ2002 የሶማሌው ፓርቲ ብቻውን 24 ወንበር ነበረው፤ የሐረሪና የአርጎባ ድርጅቶች አንድ አንድ ነበራቸው። አምስቱን ክልሎች የሚያስተዳድሩት አጋር ድርጅቶች በ2012 ከሕወሓት በስተቀር ከኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ጋር ተዋሕደው ብልጽግናን መሠረቱ። የውሕደቱ አንድ ውጤት ብዙም አይነገርለትም፦ በምክር ቤቱ ውስጥ በስማቸው የሚቆጠሩ የፓርቲዎች ብዛት በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። የግል ተወዳዳሪዎችንም ቢሆን እንዳለ ከተቃዋሚ ጎራ መደመር ያሳስታል፤ በግል ተመርጦ መንግሥትን የሚደግፍ አለና።

ድምፅ ወንበር የሚሆንበት መንገድ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የሚመረጡት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው አሸናፊ በሚሆንበት ሥርዓት ነው ይላል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ፈርስት ፓስት ዘ ፖስት» የሚባለው ይህ ሥርዓት ከግማሽ በላይ ማግኘትን አይጠይቅም፤ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃል። በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት ተወዳዳሪዎች በቅደም ተከተል 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ወንበሩ የመጀመሪያው ነው፤ የስድሳ በመቶው መራጭ ድምፅ በፓርላማ ውስጥ አይታይም። ይህ በመቶ የምርጫ ክልሎች ተመሳሳይ ሆኖ ቢደገም አንደኛው ፓርቲ መቶውንም ይወስዳል፤ ሠላሳ አምስት በመቶ የተመረጠው ምንም አያገኝም።

ስለዚህ ለአንድ አነስተኛ ፓርቲ ወሳኙ ነገር የደጋፊው ብዛት ብቻ ሳይሆን ደጋፊው የሰፈረበት ቦታ ነው። በ2013 የጌዴኦው ድርጅት ሁለት ወንበር ሲያገኝ በመላ አገሪቱ የተወዳደረው ኢዜማ ያገኘው አራት ነው። የጌዴኦው ደጋፊ በአንድ ዞን የተሰበሰበ ነው፤ የኢዜማው ደግሞ በከተሞችና በልዩ ልዩ አካባቢዎች ተበትኗል። በአዲስ አበባ ኢዜማ ዋነኛው ተፎካካሪ ሆኖ ሳለ ከ23ቱ የከተማዋ ወንበሮች አንዱንም አላገኘም። በ1992 የሐዲያው ድርጅት ፓርላማ የገባበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሥርዓቱ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ምርጫ ዩኪፕ የተባለው ፓርቲ ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ ያሸነፈው አንድ ወንበር ነበር። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ግን ወደ 1.5 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ 56 ወንበር ወሰደ፤ መራጩ ሁሉ ስኮትላንድ ውስጥ ነውና። የብሪታንያ አረንጓዴ ፓርቲ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ድረስ የነበረው አንድ እንደራሴ ብቻ ነው። በአንጻሩ ተመጣጣኝ ውክልና በሚሠራባት ጀርመን አረንጓዴዎቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ከ6 በመቶ ባነሰ ድምፅ 27 ወንበር ይዘው ፌዴራል ፓርላማ ገቡ። ተመጣጣኝ ውክልና ማለት ፓርቲዎች ካገኙት ድምፅ ጋር የሚመጣጠን ወንበር የሚያገኙበት ሥርዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ገደብ ይኖረዋል፤ የጀርመኑ አምስት በመቶ ነው።

አብላጫ ድምፅ የሚሠራበት ሥርዓት ከዚህ ሌላ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የማያስተውለው ውጤት አለው፦ በአገር አቀፍ አጀንዳ የሚሠራን አነስተኛ ፓርቲ ይቀጣል፣ በአንድ አካባቢ ወይም በአንድ ብሔር የተሰበሰበን ፓርቲ ይሸልማል። ፓርቲዎች ለምን በብሔር ይደራጃሉ ተብሎ ሲነሳ የሚጠቀሰው ታሪክና ርዕዮተ ዓለም ነው። የምርጫ ሕጉ የሚያሳየው ስሌትም ግን ወደዚያው ይገፋል።

ሒሳቡ ብቻውን የማያስረዳው

ሥርዓቱ በ1997ም በ2002ም አንድ ነበር። ከ172 ወደ አንድ የተወረደበትን ምክንያት ከሒሳቡ ውጭ መፈለግ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው የፖለቲካው ምኅዳር ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ የተከሰተው ደም መፋሰስ፣ የቅንጅት መሪዎች እስር፣ ቀጥለው የወጡት የመያዶች (መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች) እና የፀረ ሽብር ሕጎች፣ የገዢው ግንባር አባላት ቁጥር በገጠር ቀበሌዎች ድረስ መስፋፋት ተቃዋሚው በመንደር ደረጃ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ አጠበቡት። ኢሕአዴግ በበኩሉ ለውጤቱ የሚሰጠው ማብራሪያ የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው መስፋፋት ነበር። ልማቱ ድምፅ አላመጣም ብሎ መሟገት ያስቸግራል። ሆኖም የትኛውም የልማት ስኬት ከመቶ ወንበር በላይ የነበረውን ተቃውሞ ወደ ዜሮ አያወርድም፤ የ2007ቱ 547 ለ0 ያለ ምኅዳሩ መጥበብ ሊተረጎም አይችልም።

ሁለተኛው የተቃዋሚው የራሱ መከፋፈል ነው። ቅንጅት ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ተሰነጣጠቀ። በፓርላማ ብቸኛ ተወካይ የነበረው አንድነት ራሱ ለ2007ቱ ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በአመራር ውዝግብ ተከፈለ፤ ምርጫ ቦርድ ደግሞ ለአንዱ ቡድን ዕውቅና ሰጠ። ሌላው ተቃዋሚ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅትም (መኢአድ) ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። አብላጫ ድምፅ በሚያሸንፍበት ሥርዓት የተከፈለ ፓርቲ ድምፁ ከሚቀንሰው በላይ ወንበሩ ይቀንሳል፤ 42 በመቶ ሁለት ቦታ ሲከፈል 21 እና 21 ሆኖ በ38 በመቶ ይሸነፋልና።

ሦስተኛው አለመወዳደር ነው። በ2013 የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) እና ኦነግ ከምርጫው ውጭ ስለነበሩ በኦሮሚያ መራጩ የነበረው አማራጭ እጅግ ጠባብ ነበር። ፓርቲዎቹ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል ብለው ነው የወጡት። የሚያከራክረው ምክንያታቸው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ግን አያከራክርም፤ ትልቁ ክልል ያለ ዋና ተፎካካሪ ተመረጠ።

ወንበር ከተገኘ በኋላ

ስለ ተቃዋሚ እንደራሴዎች ሲወራ ውይይቱ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጀምርና በቁጥር ያበቃል። ከቁጥሩ ባልተናነሰ ወሳኝ የሆነው የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ነው።

ለምሳሌ አጀንዳ የማስያዝን ጉዳይ እንመልከት። ከ1997 በፊት በነበረው አሠራር ሃያ አባላት ተፈራርመው አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ይችሉ ነበር። የ1997ቱ ውጤት ከታወቀ በኋላ፣ የሥራ ዘመኑን ሊያጠናቅቅ የተቃረበው ምክር ቤት ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ የአባላቱ አብላጫ እንዲያስፈልግ አደረገ። የለውጡን ትርጉም ለማየት ቁጥሮቹን ማስቀመጥ ይበቃል፦ በቀድሞው ደንብ ኅብረት ብቻውን በ52 አባላቱ የፈለገውን ጉዳይ ማስነሳት ይችል ነበር፤ በአዲሱ ደንብ 172ቱም ተባብረው አንድ አጀንዳ ማስያዝ አይችሉም። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ግን ያ እርምጃ የሚያሳየው ነገር አለ፤ የአንድ ተቃዋሚ ወንበር ዋጋ ከምርጫው በኋላም ሊቀነስ ይችላል።

የንግግር ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰዓቱ በወንበር ብዛት ሲደለደል አንድ ወንበር ያለው ፓርቲ የሚደርሰው ደቂቃዎች ናቸው። በእነዚያ ደቂቃዎች በጀቱን፣ የውጭ ብድሩን፣ አዋጁን አንብቦ፣ ያለ ረዳትና ያለ ጥናት ክፍል፣ የሚመዘገብ ሐሳብ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ብዙ አባላት ያሉት ፓርቲ ሥራውን ይከፋፈላል፤ አንዱ የግብርናውን፣ አንዱ የፍትሑን ይይዛል። ብቸኛው እንደራሴ ግን ሁሉንም ነው። ከዚህ አንጻር በ2002 እና በ2007 መካከል የነበረውን የአንድ ሰው ተቃውሞ በውጤቱ ብቻ መመዘን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ታዲያ የማያሸንፍ ድምፅ ምን ይጠቅማል? በ2001 ክረምት የፀረ ሽብር አዋጁ ቁጥር 652 ሲቀርብ 286 ደግፈው 91 ተቃወሙ። አዋጁ ጸደቀ፤ ብዙ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞችም ተከሰሱበት። በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሻረ፤ ያሻረውም በ2010 የመጣው የፖለቲካ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ሕጉ በወጣበት ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ የቃላቱ ትርጓሜ ልቅ ነው የሚል ክርክር ቀርቦ እንደነበር ይታወቃል። «ማንም አላየውም ነበር» የሚል ማስተባበያ ከዚያ በኋላ አይሠራም። በ2007 እና በ2010 መካከል ለወጡት ሕጎች ግን እንዲህ ያለ የተቃዋሚ መዝገብ የለም።

ሌላው የሥራ መድረክ ቋሚ ኮሚቴ ነው። ቋሚ ኮሚቴ ማለት አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን ዘርፍ በዘርፍ የሚከታተል የምክር ቤቱ ክፍል ነው። ከ2014 ጀምሮ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የመሩት የአብን እንደራሴ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። የዋናው ኦዲተር ግኝት የሚመረመርበት፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ስላልተወራረደ ሒሳብ የሚጠየቁበት መድረክ ይህ ነው። በበርካታ አገሮች ይህን መሰል ኮሚቴ ለተቃዋሚ መስጠት የተለመደ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣውና የሚቆጣጠረው አንድ ፓርቲ እንዳይሆን። አምስት ወንበር ያለው ፓርቲ በአንድ ሊቀ መንበርነት ከሃምሳ ንግግር የበለጠ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

አጋጣሚው ብዙ አልቆየም። አቶ ክርስቲያን በ2015 ክረምት፣ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ያለመከሰስ መብት የሚባለው ይህ ነው። መንግሥት የጸጥታ ሥጋትን ይጠቅሳል፤ ተቺዎች ደግሞ ፈቃዱ ከእስሩ መቅደም ነበረበት ይላሉ። የሕጉን ዓላማ ላስተዋለ የተቺዎቹ ነጥብ ጠንካራ ነው። መብቱ የተጻፈው ለትልቁ ፓርቲ አባል አይደለም፤ እሱ ጥበቃው ብዙ ነው። ፈቃዱን ሰጪው ራሱ በአንድ ፓርቲ የተያዘ ምክር ቤት ሲሆን ደግሞ የጥበቃው ብርታት በብዙኃኑ በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በ1998 መጀመሪያ ወንበራቸውን ያልተረከቡ የቅንጅት ተመራጮች ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳውም በዚሁ መንገድ፣ በድምፅ ብልጫ ነው።

መግባት ወይስ አለመግባት?

በ1998 የቅንጅት ተመራጮች ፓርላማ መግባት ነበረባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንገባም ያሉት ወገኖች የተሰረቀ ውጤትን መቀበል ይሆናል፣ በተለወጠው ደንብም የሚሠራ ነገር የለም ብለው ነበር። እንግባ ያሉት ደግሞ የተገኘውን ይዞ መታገል ይሻላል፣ ባዶ ወንበር ለባለቤቱ አይናገርም የሚል ክርክር አቀረቡ። ከፊሉ ገባ፤ ዋናዎቹ መሪዎች ታሰሩ፤ በ1999 ክረምት በይቅርታ ተፈቱ።

አለመግባቱ ያስከተለው ጉዳት በግልጽ የታየው በአዲስ አበባ ነው። ቅንጅት ከከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸንፎ ነበር። ባለመረከቡ ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ቆይታ በ2000 እንደገና ምርጫ ተደረገ፤ ገዢው ግንባርም ተረከባት። አሸናፊዎቹ ከተማዋን ቢረከቡ በእርግጥ ያስተዳድሩ ነበር ወይ ለሚለው ማረጋገጫ የለም። የማስተዳደር ልምድ፣ የአንድ ከተማ በጀት፣ በሥራ የሚመዘን ስም ግን ሳይሞከሩ ቀሩ። ለአነስተኛ ፓርቲ ከዚህ የሚበልጥ ኪሳራ ማሰብ ያስቸግራል።

በ2014 የመጣው አካሄድ ሌላ ነው። የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ደጋፊዎች የትብብር ፖለቲካ ጅምር ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ የተቃውሞ ድምፅን የሚያለዝብ ነው አሉ። ሹመቱ ለተሿሚዎቹ ፓርቲዎች ከባድ ጥያቄ ማስከተሉ አልቀረም፤ መሪው በካቢኔ ውስጥ ያለ ፓርቲ እንደራሴዎቹ የዚያኑ ካቢኔ በጀት በምን ዓይን ይመርምሩ? በሕግ የታሰረ የጥምረት ስምምነት ባለበት አገር መልሱ በጽሑፍ የሰፈረ ነው፤ የት ድረስ አብረው እንደሚሄዱ፣ የት ላይ እንደሚለያዩ። በግል ሹመት ሲሆን ግን ድንበሩ አይታወቅም፤ መራጩም ፓርቲው መንግሥት ይሁን ተቃዋሚ ለማወቅ ይቸገራል።

ምን ቢሻሻል ምን ይለወጣል?

መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ተመጣጣኝ ውክልና ነው። በመስከረም 2009 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት የመክፈቻ ንግግር የምርጫ ሕጉ ተመጣጣኝ ውክልናን እንዲያካትት ይሻሻላል ብለው ነበር። በፓርቲዎች መካከልም ድርድር ተደርጎበታል። ነገር ግን አብላጫ ድምፅ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ በመሆኑ ለውጡ በአንቀጽ 105 ያልፋል፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። የሚቃወሙትም ክብደት ያለው ሐሳብ አላቸው፤ ፓርላማው በትንንሽ ፓርቲዎች ሊሸነሸን፣ እንደራሴውም ከምርጫ ክልሉ ሕዝብ ይልቅ የዕጩዎችን ዝርዝር ለሚያዘጋጀው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሊታመን ይችላል። የአንቀጽ 54 ሌላ ድንጋጌ ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን እንደራሴ ከቦታው እንዲያነሳ ይፈቅዳል፤ ያለ ምርጫ ክልል ይህ መብት በምን እንደሚተካ መልስ ያሻዋል።

በእኔ ግምት ትኩረት የተነፈገው ቀላሉ መንገድ ነው። የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የሚሻሻለው በምክር ቤቱ በራሱ ድምፅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን አይነካም፣ የክልሎችን ይሁንታም አይጠብቅም። ጥቂት አባላት ተፈራርመው አጀንዳ እንዲያስይዙ መፍቀድ፣ የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴው ሊቀ መንበርነት የመንግሥት ካልሆነ ፓርቲ እንዲሆን በደንብ መጻፍ፣ ለአነስተኛ ፓርቲዎች አባላት የጋራ የጥናት ረዳት መመደብ፣ ያለመከሰስ መብት የሚነሳበት ሒደት ተጠርጣሪው አስቀድሞ እንዲሰማ ማስገደድ። ከእነዚህ አንዱም የገዢውን ፓርቲ አብላጫነት አይቀንስም፤ የሚያጸድቀውን ሕግ ሁሉ ማጽደቁን ይቀጥላል። እነዚህ ካልተሻሻሉ ግን ተመጣጣኝ ውክልና መጥቶ ተቃዋሚው መቶ ወንበር ቢያገኝ እንኳ በ1998 የገቡት እንደራሴዎች ከቆሙበት ቦታ ይቆማል፤ ብዙ ሆኖ ገብቶ አንድ አጀንዳ ማስያዝ ያቅተዋል።